ራም መግጠም ብቻውን አይበቃም፣ መፈተሽም አለበት

የልጆች የቤት ሥራም፣ የኩፓት ሆሊም ቀጠሮም፣ የዒሪያ ፎርምም በኮምፒውተር ሆኗል። ማሽኑ ሲንቀራፈፍ ታዲያ «አዲስ ይገዛልን» የሚለው ጥያቄ ቤት ውስጥ ይነሳል። ግን ሁልጊዜ አዲስ አያስፈልግም። ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ኮምፒውተር ተከፍቶ ራም፣ በዕብራይስጥ ዚካሮን የምንለው፣ ሊጨመርለት ይችላል።

መጀመሪያ ጥፋቱ የራም መሆኑን አረጋግጡ። ልጁ የሚሠራበትን ነገር ሁሉ ከፍቶ ሳለ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕ የተባሉትን ሦስት ቁልፎች አንድ ላይ ተጫኑ። የሚከፈተው ታስክ ማኔጀር ራሙ ስንት በመቶ እንደተያዘ ያሳያል። 90 በመቶ ገደማ ከሆነ መጨመር ይረዳል። 50 ከሆነ ግን ገንዘባችሁን አታውጡ፤ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው።

ዲዲአር4 የሚቀበል ማዘርቦርድ ዲዲአር5 አይቀበልም። የላፕቶፕ ራምም አጭር ስለሆነ አይገባም። ሁለት ፍሬ ከፈለጋችሁ በአንድ ማሸጊያ አብረው የተሸጡትን ግዙ። አንዱን ከዚህ ሌላውን ከዚያ ለቃቅሞ ማዋሃድ፣ በተለይ ፈጣን በሚባለው ራም ላይ፣ ጣጣ ያመጣል።

ለመግጠም ሶኬቱን ንቀሉና የማብሪያውን ቁልፍ አንዴ ተጫኑ፤ ውስጥ የቀረው ኤሌክትሪክ ይውጣ። ከዚያ ቀለም ያልተቀባውን የሳጥኑን ብረት በእጃችሁ ንኩ። ከሹራብና ከምንጣፍ የሚመጣው ትንሽ ኤሌክትሪክ ራም ሊያበላሽ ይችላል። አራት ማስገቢያ ካለው፣ ሁለቱ ፍሬዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚገቡት ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠር በሁለተኛውና በአራተኛው ነው። መቆለፊያው ቀጭ እስኪል ሁለቱንም ጫፍ እኩል ተጫኑ። ጠንከር ይላል፣ አትፍሩ። ከታች ያለው ጎድጎድ ካልገጠመ ግን በግድ አትግፉ፣ አዙሩት። ዲዲአር5 ከሆነ መጀመሪያ ሲበራ ስክሪኑ ለደቂቃዎች ጥቁር ሆኖ ሊቆይ ይችላል፤ ራሱን እያስተካከለ ስለሆነ አታጥፉት።

ሳጥኑ ላይ 3600 ተጽፎ ታስክ ማኔጀሩ 2133 ወይም 2400 ቢያሳይ «ተታለልን» አትበሉ። ፈጣን ራም በሙሉ ፍጥነቱ የሚሠራው ባዮስ ውስጥ ኤክስኤምፒ ወይም ኤክስፖ የሚባለው ሲበራ ነው። ወደ ባዮስ ለመግባት ኮምፒውተሩ ሲነሳ ብዙውን ጊዜ ዲሊት ወይም ኤፍ2 ይጫናል።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። እኔም አቁሜ ነበር። ኮምፒውተሩ ተነሳ፣ ፈጠነ፣ በቃ ጨረስኩ አልኩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ልጄ የጻፈው የትምህርት ቤት ሥራ አልከፈት አለ፤ ቀጥሎ ሰማያዊ ስክሪን መጣ። ቫይረስ ነው ብዬ ዊንዶውስን እንደገና ጫንኩ። ለካ ከሁለቱ አንዱ ራም ብልሹ ነበር! ብልሹ ራም እኮ ዝም ብሎ አይቆምም፤ እየሠራ የምታስቀምጡትን ፋይል ያበላሻል።

ስለዚህ ጠቃሚ ሰነዶችን ዲስክ ኦን ኪ ላይ ገልብጡና ፈትሹ። ዊንዶውስ ውስጥ ያለው የራም መፈተሻ ለመጀመሪያ ያህል ይሆናል። የተሻለው ሜምቴስት86 ነው። ነፃ ነው፣ ከዲስክ ኦን ኪ ይነሳል፣ ሰዓታት ስለሚወስድ ማታ አስጀምራችሁ ተኙ። ጠዋት አንድ ስህተት እንኳ ቢያሳይ «አንድ ብቻ ናት» ብላችሁ አትለፉ።

ስህተት ከተገኘ ኤክስኤምፒውን አጥፍታችሁ ድገሙት። አሁን ንጹህ ከሆነ ራሙ ላይበላሽ ይችላል፤ ፕሮሰሰሩ ወይም ማዘርቦርዱ ያንን ፍጥነት አልቻለው ይሆናል። ፍጥነቱን አንድ ደረጃ ቀንሱና እንደገና ፈትሹ። ኤክስኤምፒው ጠፍቶም ከተሳሳተ ሁለቱን በየተራ ለብቻ አስገብታችሁ በአንድ ማስገቢያ ላይ ፈትሹ፤ ብልሹው ይለያል። ሁለቱም ቢሳሳቱ ማስገቢያውን ቀይሩ፤ ጥፋቱ የማዘርቦርዱ ሊሆን ይችላል።

ይህን ሁሉ በገዛችሁበት ሳምንት አድርጉት። በኢንተርኔት ወይም በስልክ የተገዛን ዕቃ፣ ከአንዳንድ ዓይነቶች በስተቀር፣ ከተረከባችሁ በኋላ በ14 ቀን ውስጥ መሰረዝ እንደምትችሉ የሸማቾች ጥበቃ ሕግ ይፈቅዳል። እኔ ስፈትሽ ጊዜው አልፎ ነበር። በአሃራዩት ተቀየረልኝ፣ ግን ለሳምንታት ያለ ኮምፒውተር ቆየን። ደረሰኙንና ማሸጊያውን አትጣሉ። የስህተቱን ስክሪን በስልክ ፎቶ አንሱና ስትመልሱ ለሻጩ አሳዩት።