የሸማኔው ዐይንና ተመልካቾቹ፤ አካላዊ ገለጻ በ«ሳይለስ ማርነር» ልቦለድ

በልቦለድ ንባብ የገጸ ባሕርይ አካላዊ ገለጻ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ዕጣዎች አንዱ ይደርሰዋል፤ ወይ እንደ ጌጥ ይታለፋል፣ ወይም ከመልክ ወደ ጠባይ መሻገሪያ ይሆንና የጎበጠው ክፉ፣ ዐይነ ፍጥጡ አስፈሪ ተብሎ ይተረጐማል። ጆርጅ ኤልየት በሚለው የብዕር ስሟ የምትታወቀው ሜሪ አን ኢቫንስ በ1861 እ.ኤ.አ. ያሳተመችው «ሳይለስ ማርነር» ለሁለቱም ንባቦች አይመችም። በዚህ ልቦለድ የብቸኛው ሸማኔ አካል በተገለጸ ቁጥር አስቀድሞ የሚጋለጠው ተመልካቹ ነው። ይሁን እንጂ የተመልካቹ ስሕተት በዚያው አይቀርም፤ ውሎ አድሮ በሚታየው ሰው አካል ላይ ይታተማል።

ሳይለስ ታሪኩ ሲጀምር ራቭሎ በተባለ የእንግሊዝ ገጠር፣ ከተተወ የድንጋይ ካባ አጠገብ በሚገኝ ጎጆ ውስጥ የተልባ እግር እየሸመነ 15 ዓመት ብቻውን ኖሯል። የመንደሩ ልጆች በመስኮቱ አጮልቀው ሲያዩት በሩን ከፍቶ ያፈጥባቸዋል፤ እነሱም እግሬ አውጪኝ ይላሉ። በእነሱ እምነት ያ ፍጥጥ ያለ ቡናማ ዐይን የሰው አፍ ሊያጣምም፣ እጅ እግር ሊያኮማትር ይችላል። ተራኪዋ ግን እዚያው ላይ አንድ ነገር ታክላለች፤ ዐይኑ እጅግ ካልቀረበው በስተቀር ምንም አጥርቶ አያይም። ልጆቹን የሚያስበረግገው አስተያየት ማየት የተሳነው ሰው አስተያየት ነው። አንባቢው ይህን ያውቃል፤ መንደሩ አያውቅም። የልቦለዱ ምጸት በሙሉ ከዚህ የዕውቀት ልዩነት ይመነጫል።

ለአማርኛ አንባቢ ይህ ትዕይንት እንግዳ አይደለም። የእጅ ባለሙያን፣ በተለይም ቀጥቃጩንና ሸክላ ሠሪዋን በ«ቡዳ»ነት የሚጠረጥረው የቆየ እምነት ፍርሃቱን ያኖረው እዚያው ዐይን ላይ ነው። ንጽጽሩን ግን ከዚህ በላይ መለጠጥ አይገባም። በእኛ ዘንድ የሚጠረጠረው ከትውልድ እስከ ትውልድ አብሮ የኖረ ጎረቤት ሲሆን፣ የራቭሎው ሸማኔ ግን ዘመዱ የማይታወቅ መጤ ነው።

ሁለተኛው አካላዊ ምልክት ሕመሙ ነው። ሳይለስ አልፎ አልፎ አካሉ ደርቆ፣ ዐይኑ ፈጥጦ፣ ራሱን ስቶ ይቆማል። በወጣትነቱ በነበረበት የላንተርን ያርድ ማኅበረ ምእመናን ይህ መንፈሳዊ ትርጉም ያለው ነገር ሆኖ ይታይ ነበር፤ ወዳጁ ዊልያም ዴን ግን የሰይጣን ጉብኝት ይመስላል አለ። በራቭሎም ፍልፈል አጥማጁ ጄም ሮድኒ ከአጥር መሻገሪያ ላይ ተደግፎ እንደ ሬሳ ሲደርቅ አየውና ወሬውን ለመንደሩ አደረሰ። አካሉ አንድ ነው፤ ንባቡ ሦስት ነው፤ አንዱም ስለ ሳይለስ የሚናገረው እውነት የለም።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ይነሣል፤ በግል አስተያየቴ ከባድ ተቃውሞ ነው። ኤልየት ራሷ ከመልክ ጠባይ ታነባለች። የሳይለስን ተከላካይ አልባ፣ የአጋዘን የሚመስል ዐይን ከዊልያም ዴን ጠባብ ዐይንና ከተጨመቀ ከንፈር ጋር አጋጥማ ስታሳየን ክፉው ማን እንደ ሆነ ከፊቱ እንድናውቅ ትፈልጋለች። ልቦለዱ መንደሩን የሚወቅስበትን ልማድ ተራኪዋ ሙሉ በሙሉ አልተወችውም። በከፊል የሚያድናት ማኅበሩ ዴንን የወጣት መንፈሳዊነት ብሩህ ምሳሌ አድርጎ ማየቱን ማሳየቷ ነው። በከፊል ብቻ።

በሐሰት የስርቆት ክስ ከላንተርን ያርድ የተባረረው ሰው በራቭሎ ሲኖር አካሉ በእርግጥ ይለወጣል። ይጎብጣል፤ ከሸማ ዕቃው ጋር ተስማምቶ ለብቻው ትርጉም እንደሌለው እጀታ ይሆናል። አርባ ሳይሞላው ስለ ጠወለገና ስለ ገረጣ ልጆቹ «ሽማግሌው» ይሉታል። የቀድሞው የዋህ ዐይን ጥቃቅን ፍሬ ብቻ የሚፈልግ መስሏል፤ ያም ወርቅ ነው። መልኩን ከመጀመሪያው ምዕራፍ ብቻ ጠቅሶ የሚያቆም ጥናት ይህን ለውጥ ያጣዋል። ተራኪዋ ግን ወዲያው ሌላ ነገር ታሳየናለች፤ ለ12 ዓመት ውኃ የቀዳበት የሸክላ ማሰሮ ሲሰበርበት ስብርባሪውን ገጣጥሞ ከቦታው ይመልሰዋል። ፊቱ ያልተናገረውን እጁ ይናገራል።

ወርቁ ከተሰረቀ በኋላ፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ በተከፈተው በር ላይ እንዳለ ሕመሙ ያዘው፤ አንዲት ሕፃን ገብታ ምድጃው አጠገብ ተኛች። ሲነቃ በደከመው ዐይኑ ያየው ወርቁ የተመለሰ ነበር፤ እጁን ሲዘረጋ ግን ያገኘው ለስላሳና ሙቅ ጠጕር ነው። መንደሩ የርግማን ምልክት ያደረጋቸው ሁለቱ ነገሮች፣ ሕመሙና የዐይኑ ድካም፣ ሕፃኗን ሳትከለከል አስገቧት። አካላዊ ገለጻ እዚህ ላይ ጠባይን ማመልከቱን ትቶ የታሪኩ ሴራ ራሱ ሆኗል።

ከ16 ዓመት በኋላ ከኤፒ ጋር ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ኤልየት ያንኑ ዐይን እንደገና ትገልጸዋለች። በወጣትነት ቅርብ ብቻ ያይ የነበረ ዐይን በእርጅና ራቅ አድርጎ ማየት እንደሚጀምር፣ የሳይለስም ዐይን ሩቁን ማየትና ለሚያየው ሰው መመለስ ጀምሯል። ጀርባው ግን አልቀናም፤ ዕድሜው ከ55 ባይበልጥም ጠጕሩ ነጭ ነው።