ለሄቪ ሜታል የጊታር ፒክአፕ ስንመርጥ

የሄቪ ሜታልን ከባድና ሻካራ ድምፅ የሚሹ ጊታር ተጫዋቾች ፒክአፕ ሲገዙ አስቀድመው የሚጠይቁት «ስንት ኪሎኦም ነው?» ብለው ነው። ቁጥሩ በበዛ መጠን ድምፁም የሚበረታ ይመስላቸዋል። ይህ እምነት ምን ያህል ትክክል እንደሆነ እንመልከት።

ፒክአፕ ማግኔትና በዙሪያው የተጠመጠመ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ነው። የብረት ክሩ ሲርገበገብ በጥቅሉ ውስጥ የሚያልፈው ማግኔታዊ መስክ ይለዋወጣል፤ ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1831 በደረሰበት ሕግ መሠረትም ቮልቴጅ ይፈጠራል። የሽቦው ዙር ሲበዛ ቮልቴጁ ይጨምራል፤ አምፕሊፋየሩም ቶሎ ወደ ዲስቶርሽን ይገባል።

ይሁን እንጂ ትርፉ ያለ ኪሳራ አይገኝም። ሌላው ሁሉ ሳይለወጥ ዙሩን በ20 በመቶ ብንጨምር ቮልቴጁ 1.2 እጥፍ፣ ኢንዳክታንሱ ግን 1.44 እጥፍ ይሆናል፤ የሬዞናንስ ድግግሞሹም ከቀድሞው ወደ 83 በመቶ ገደማ ይወርዳል። በዚህም ቀጫጭኑ ድምፅ ይደበዝዛል፤ ፈጣን ምቶችም ተለይተው አይሰሙም።

ከዚህም ሌላ ኪሎኦም የሽቦውን ሬዚስታንስ እንጂ የማግኔቱን ኃይል አይለካም። ዙሩ ሳይጨምር ሽቦው ቢቀጥን ብቻ ቁጥሩ ያድጋል። እንደ ኢኤምጂ 81 ያሉት አክቲቭ ፒክአፖችማ ምልክቱን የሚያጠናክሩት በ9 ቮልት ባትሪ በሚሠራ ማጉያ ስለሆነ ኪሎኦማቸው ስለ ጉልበታቸው አይነግረንም።

ስለዚህ ከኪሎኦም ጋር የማግኔቱን ዓይነትና ኢንዳክታንሱን እንጠይቅ። ዲስቶርሽን የመብራት መስመሩን የ50 ኸርዝ ጉምጉምታ ጭምር ስለሚያጎላ፣ ይህን የሚያጣፋውን ባለሁለት ጥቅል ሀምበከር እንምረጥ። የመጨረሻው ዳኛ ግን በራሳችን አምፕሊፋየር የሚሰማው ድምፅ ነው።