ልጄ ኦቲዝም ሊኖረው ይችላል ብዬ ብጠረጥር ከትምህርት ቤቱ ምን የመጠየቅ መብት አለኝ?

ጥያቄ፦ የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ልጄ ስድስት ዓመቱ ሲሆን አንደኛ ክፍል ነው። ሲጠሩት ዞር አይልም፣ ከልጆች ጋር አይጫወትም፣ ደወል ሲደወል ጆሮውን ይዞ ይጮኻል። ለመምህሯ ደጋግሜ ብነግራት «ቤት ውስጥ ሌላ ቋንቋ ስለምታወሩ ነው፣ እስቲ እንጠብቅ» አለችኝ። ቢሮ ያሉት ደግሞ «መጀመሪያ ከሐኪም ወረቀት አምጪ» ይላሉ። ይኸው «ተረብሿል፣ መጥተሽ ውሰጂው» እያሉ በየሳምንቱ ይደውሉልኛል። ሥራዬን ላጣ ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ዛሬውኑ ደብዳቤ ይጻፉ። በሜሪላንድ የጊዜ ገደቡ መቆጠር የሚጀምረው በጽሑፍ ሲጠይቁ ነው። ለመምህሯ በቃል የነገሯት ሁሉ ነገ «አልሰማንም» ሊባል ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣውና ዛሬ አይዲኢኤ የሚባለው የፌዴራል ሕግ፣ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ልዩ ድጋፍ ለሚያስፈልገው ልጅ የሚስማማውን ትምህርት በነጻ እንዲሰጡ ያስገድዳል። ኦቲዝም በዚህ ሕግ ውስጥ በስም ተጠቅሷል። የመኖሪያ ወረቀት ነገር የሚያሳስባችሁ ወላጆችም አትስጉ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1982 በፕላይለር ጉዳይ ወረቀት የሌላቸው ልጆች ከመንግሥት ትምህርት ቤት እንዳይከለከሉ ወስኗል።

የተሰጡዎት ሁለቱም ምክንያቶች አያስኬዱም። ሕጉ ምዘና ለመጀመር የሐኪም ወረቀት አይጠይቅም፤ ትምህርት ቤቱ የሕክምና ምርመራ ያስፈልጋል ካለም ወጪው የእሱ ነው። ቤት ውስጥ አማርኛ መነገሩም ምዘናውን ለማቆየት ምክንያት አይሆንም። እንዲያውም ልጁ መመዘን ያለበት በሚችለው ቋንቋ ነው፤ ይህ ጨርሶ የማይቻል ካልሆነ በቀር።

ደብዳቤው ረጅም መሆን የለበትም። የልጁን ስም፣ የተወለደበትን ቀንና ክፍሉን ያስፍሩ። ቀጥሎም «ልጄ ኦቲዝም እንዳለው ስለምጠረጥር በንግግር፣ በባሕርይ፣ በስሜት ሕዋሳትና ችግር በሚጠረጠርበት ዘርፍ ሁሉ ሙሉ የልዩ ትምህርት ምዘና እንዲደረግለት እጠይቃለሁ» ይበሉ። ቀን ይጻፉበት፣ ለርእሰ መምህሩ በኢሜይል ይላኩ፣ ቅጂውን ያስቀምጡ። ትምህርት ቤቱ ደብዳቤው በደረሰው በ90 ቀን፣ እርስዎ ለምዘናው ፈቃድ በፈረሙ በ60 ቀን ውስጥ ጉዳዩን መጨረስ አለበት። እምቢ ካለ ደግሞ ምክንያቱን በጽሑፍ ሊሰጥዎ ይገባል።

ልጁ ብቁ ከተባለ በ30 ቀን ውስጥ አይኢፒ የሚሉትን የግል የትምህርት ዕቅድ ለማውጣት ስብሰባ ይጠራል። እዚያ ትልቅ ልጅዎን አስተርጓሚ አድርገው አይውሰዱ፤ አስተርጓሚ ማቅረብ የትምህርት ቤቱ ግዴታ ነው። ልጁን በደንብ የሚያውቅ ዘመድ ወይም ባለሙያ ይዘው መግባት ይችላሉ። በሜሪላንድ ሰነዶቹ ከስብሰባው አምስት የሥራ ቀናት በፊት እንዲደርስዎ ሕጉ ያዛል። ቋንቋዎን በትምህርት አውራጃው ካሉ ተማሪዎች ከ1 በመቶ በላይ የሚናገሩት ከሆነም ዕቅዱ ተተርጉሞ እንዲሰጥዎ መጠየቅ ይችላሉ። ያልገባዎትን አይፈርሙ፤ ድጋፉ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጀመረው እርስዎ በጽሑፍ ሲፈቅዱ ብቻ ነው።

ዕቅዱን ሲያነቡ ግቦቹ የሚለኩ መሆናቸውን ይዩ። «ከሰው ጋር መግባባቱ ይሻሻላል» የሚል ግብ ማንንም ተጠያቂ አያደርግም። «መክሰስ ሰዓት ላይ የሚፈልገውን በቃል ወይም በሥዕል ካርድ ከአምስቱ አራት ጊዜ ይጠይቃል» የሚለው ግን ዓመቱ ሲያልቅ ተሳካ ወይም አልተሳካም ይባላል። የንግግር ቴራፒው በሳምንት ስንት ጊዜ፣ ለስንት ደቂቃ እንደሆነም ይጻፍ። ልጁ በተቻለ መጠን ከሌሎች ልጆች ጋር እንዲማር ሕጉ ስለሚያዝ፣ ወደ ልዩ ክፍል ከመውሰዳቸው በፊት መደበኛው ክፍል ረዳት ተጨምሮለትም ለምን እንደማይበቃው ያስረዱዎት። «ትንሽ ለውጥ አለ፣ ይበቃል» ቢሉዎት አይቀበሉ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2017 በኮሎራዶ ኦቲዝም ባለበት ተማሪ፣ በኤንድሪው ጉዳይ፣ ዕቅዱ የልጁን ሁኔታ ያገናዘበ እውነተኛ እድገት እንዲያመጣ የታለመ መሆን አለበት ብሏል።

«መጥተሽ ውሰጂው» የሚለውን ስልክ በተመለከተ፣ የተደወለበትን ቀን፣ ሰዓትና ምክንያቱን ይመዝግቡ። በባሕርዩ ምክንያት እየተደጋገመ ከክፍል መውጣቱ እንደ እገዳ ሊቆጠር ይችላል። እገዳው በዓመት ከ10 ቀን ሲያልፍና በተደጋጋሚነቱ እንደ ቦታ ለውጥ ሲታይ፣ ባሕርዩ ከችግሩ የመነጨ መሆን አለመሆኑን ለማጣራት ስብሰባ መጥራት ግድ ይላቸዋል። ምዘናው ገና ባያልቅም፣ ስጋትዎን ቀድመው በጽሑፍ ካሳወቁ ልጅዎ ይህን ጥበቃ ሊያገኝ ይችላል።

በምዘናው ውጤት ካልተስማሙ በሌላ ገለልተኛ ባለሙያ በትምህርት ቤቱ ወጪ እንዲደገም ይጠይቁ። ትምህርት ቤቱ ወይ ይከፍላል፣ ወይ ምዘናው ትክክል መሆኑን በችሎት ያስረዳል። ሕጉ ተጥሷል የሚሉ ከሆነ ደግሞ በአንድ ዓመት ውስጥ ለሜሪላንድ ትምህርት መምሪያ አቤት ይበሉ፤ በ60 ቀን ውስጥ ውሳኔ ይሰጣል። በነጻ የሚደረግ ሽምግልናም አለ፤ ችሎት ለመጠየቅ ሁለት ዓመት አለዎት።

ቨርጂኒያና ዲሲ ያላችሁ ወላጆች፣ የፌዴራሉ ሕግ ለእናንተም ይሠራል፤ የሜሪላንድ የጊዜ ገደብ ግን የእናንተ ስላልሆነ የክልላችሁን አጣሩ።