የብርና የዶላር ይፋዊ ተመን ለአካባቢ ጥናት ያለው ውሱንነት፦ ከኩታበር አንጻር

በቤተሰብ ገቢ ላይ በሚደረጉ ጥናቶች በብር የተሰበሰበን መረጃ ወደ አሜሪካ ዶላር መመንዘር የተለመደ አሠራር ነው። ዓላማው ውጤቱን ከሌሎች አገሮችና ከቀደሙ ዓመታት ጋር ማነጻጸር ነው። ይሁን እንጂ መመንዘሪያው ተመን ሳይመረመር ከተወሰደ በገበሬው ኑሮ ላይ ያልደረሰውን ለውጥ እንደ ደረሰ፣ የደረሰውንም እንዳልደረሰ ሊያስመስል ይችላል። ይህ ጽሑፍ የይፋዊውን ተመን ታሪክ ባጭሩ ከቃኘ በኋላ ከደሴ በስተሰሜን ምዕራብ በሚገኘው የኩታበር ወረዳ ለሚያጠና ሰው የሚኖረውን ትርጉም ያመለክታል።

የይፋዊው ተመን ጉዞ

በ1937 ዓ.ም. የወጣው የገንዘብ ሕግ ብርን በወርቅ መጠን ሲተምነው፣ 1 የአሜሪካ ዶላር 2.48 ብር ገደማ ያወጣ ነበር። ተመኑ በ1956 ዓ.ም. 2.50 ሆነ። ከዚያም አሜሪካ የዶላሯን የወርቅ ዋጋ ሁለት ጊዜ ዝቅ በማድረጓ በ1964 ዓ.ም. ወደ 2.30፣ በ1965 ዓ.ም. ደግሞ ወደ 2.07 ወረደ። ይህ የመጨረሻው ተመን ሁለት ዐሥርት ዓመታት ለሚጠጋ ጊዜ ሳይነቃነቅ ቆይቶ፣ መስከረም 21 ቀን 1985 ዓ.ም. በአንድ ጊዜ 5 ብር ሆነ። በዚያው ዓመት የውጭ ምንዛሪ ጨረታ ተጀመረ፤ በ1994 ዓ.ም. በባንኮች መካከል የሚካሄድ የዕለት ገበያ ተተካ። በጥቅምት 2010 ዓ.ም. የዶላር ዋጋ በ15 በመቶ ከፍ እንዲል ተደረገ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ሲፈቀድ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በዚያው ዕለት ወደ 75 ብር ተጠጋ፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥም ከ100 ብር አለፈ።

የረጋ ተመንና ያልረጋ ኑሮ

በሰንጠረዡ ውስጥ እጅግ የረጋው ዘመን የ2.07 ዘመን ነው። ወሎን ያጠቁት ሁለቱ ታላላቅ ረሀቦች፣ የ1965–66ቱም ሆነ የ1977ቱ፣ ተመኑ 2.07 በነበረበት ዘመን የደረሱ ናቸው። የምጣኔ ሀብት ሊቁ አማርትያ ሴን ስለ መጀመሪያው ረሀብ ባደረገው ጥናት፣ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ያን ያህል እንዳልናረና ሰውን የጎዳው የመግዛት ዐቅሙ መሟጠጥ እንደሆነ አሳይቷል። በሁለተኛው ረሀብ ግን የእህል ዋጋ ራሱ ክፉኛ ንሮ ነበር። ይፋዊው ተመን በእነዚህ ሁለት የተለያዩ ሁኔታዎች መካከል አንዳችም ልዩነት አያሳይም። ተመኑ የጸናው በመንግሥት ውሳኔ ነው፤ በመሆኑም ጽናቱ ስለ ብር የመግዛት ዐቅም ማስረጃ ሊሆን አይችልም።

የተመን ስብራትና የጥናት ወቅት

ተቃራኒው ስሕተት የሚፈጠረው ተመኑ በድንገት ሲለወጥ ነው። ለምሳሌ የዓመት ገቢው 30,000 ብር የሆነን ቤተሰብ እንውሰድ። በ57 ብር ሲሰላ ገቢው 526 ዶላር ገደማ ይሆናል፤ በ100 ብር ሲሰላ ግን 300 ዶላር ብቻ ነው። በሁለቱ ስሌቶች መካከል የጎተራው እህልም ሆነ የበጎቹ ቁጥር አልተለወጠም። ችግሩ በደጋማው ደቡብ ወሎ ይበልጥ ይጎላል፤ የበልግ እህል የሚሰበሰበው በሰኔና በሐምሌ ገደማ ስለሆነ፣ የ2016ቱ ለውጥ ያረፈው ገበሬው ምርቱን በሚሸጥበት ወቅት ላይ ነው።

የዓመት አማካይ መውሰድም መፍትሔ አይሆንም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 በኢትዮጵያ አቆጣጠር የ2016 ዓ.ም.፣ በበጀት ዓመት የ2017፣ በጎርጎርዮሳዊው የ2024 አካል ነው። ሦስቱ አቆጣጠሮች ሦስት የተለያዩ አማካዮችን ይሰጣሉ። የ2024 አማካይ ደግሞ ከለውጡ በፊትና በኋላ ያሉትን ወራት ስለሚደባልቅ፣ በየትኛውም ረዘም ያለ ጊዜ በሥራ ላይ ያልነበረ ዋጋ ነው።

የሐዋላ ገንዘብ

ከደቡብ ወሎ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያና ወደ ሌሎች የዓረብ አገሮች የተሰደዱ ወጣቶች የሚልኩት ገንዘብ ሌላ ጥንቃቄ ይሻል። የሳዑዲ ሪያል በ1 ዶላር 3.75 ተመን የታሰረ በመሆኑ የብርና የሪያል ምንዛሪ የዶላሩን ጉዞ ይከተላል። ሆኖም ገንዘቡ በባንክ ሲላክ በይፋዊው፣ በሌላ መንገድ ሲላክ በትይዩ ገበያው ተመን ይመነዘራል። ከ2016ቱ ለውጥ በፊት የትይዩ ገበያው ዋጋ የይፋዊውን እጥፍ ያህል ደርሶ ነበር። ስለዚህ ቤተሰቡ የተቀበለውን ብር በይፋዊው ተመን መልሶ ወደ ዶላር የሚመነዝር አጥኚ፣ ልጅቱ ከላከችው ዶላር እጥፍ የሚጠጋ መጠን ሊመዘግብ ይችላል።

ማጠቃለያ

ተመን የሚመረጠው እንደ ጥያቄው ነው። የተላከን ገንዘብ መጠን ለማወቅ በእርግጥ የተመነዘረበት ዋጋ ይጠየቃል፤ የኑሮን ለውጥ ለመለካት የአካባቢው ገበያ የእህል ዋጋ ከዶላር ይልቅ የታመነ መስፈሪያ ነው፤ ለዓለም አቀፍ ንጽጽር ይፋዊው ተመን ሲያገለግል ደግሞ ቀኑና የተመኑ ዓይነት አብሮ መገለጽ አለበት። ከሁሉም በላይ፣ መጀመሪያ በብር የተመዘገበው መረጃ በዶላሩ ተተክቶ መጥፋት የለበትም። አንዲት የኩታበር እናት በቅዳሜና በሰኞ መካከል ደኸየች ወይስ አልደኸየችም የሚለውን ጥያቄ በኋላ የሚመጣ አጥኚ ሊመልስ የሚችለው ያ መረጃ ሲኖረው ነው።