ለጻፈው፣ ላስጻፈው፣ ላነበበው

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ባለፈው ጾም ከጉባኤ በኋላ አንዲት ወጣት ቀረበችኝ። ሥነ ጥበብ ተምራለች፤ ሐረግ መሣል፣ በብራና ላይ መጻፍ፣ መጽሐፍ በእጅ መጠረዝ ትወዳለች። “መምህር፣ በዚህ ሥራ መኖር ይቻላል?” አለችኝ። እኔም እንደ ልማዴ ስለ መክሊት፣ ስለ አገልግሎት፣ ስለ ሰማያዊ ዋጋ ነገርኳት። እስክጨርስ በትሕትና ሰማችኝና “ለቆዳውና ለቀለሙስ ማን ይከፍላል?” ስትል ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም። የዛሬው ትምህርት ያን ቀን ያልመለስኩላት መልስ ነው፤ ስለ መዘግየቱ ይቅር ትበለኝ።

ተወዳጆች ሆይ፣ ጥንታዊ የብራና መጽሐፍ የማየት ዕድል ቢገጥማችሁ መጨረሻውን ሳታዩ አትመልሱት። ጸሐፊው ሥራውን ሲፈጽም ምሕረት ይለምናል። የሚለምነው ግን ለራሱ ብቻ አይደለም። ለጻፈው፣ ላስጻፈው፣ ላነበበው፣ ለተረጎመውና ቃሉን ለሰማው ሁሉ ነው። አምስት ሰዎችን በአንድ ልመና ያስገባል። ቀጥሎ ብዙ ጊዜ መጽሐፉን የሰረቀውንና ስም የፋቀውን የሚያወግዝ ቃል ይመጣል። (ውግዘቱ ያለ ምክንያት አልመጣም። መጽሐፉ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የፊተኛው ባለቤት ስም በካራ ተፍቆ የአዲሱ ስም የተጻፈበት ብራና ብዙ ነው።)

ይህን ዝርዝር እንደ ስንብት ቃል ብቻ አንየው። ውስጡ ትምህርት አለ፤ መጽሐፍ የአንድ ሰው ሥራ አይደለም፣ በረከቱም የአንድ ሰው ብቻ አይደለም። እንግዲህ አምስቱን እየቆጠርን ዛሬ ማን እንደጎደለ እንጠይቅ። ጸሐፊ አለ፤ ቁጥሩ ቢያንስም በጎጃም፣ በጎንደር፣ በትግራይ፣ በላስታ ቁም ጽሕፈት የተማሩ ሰዎች አሉ። አንባቢ አለ፤ ተርጓሚ አለ፤ ሰሚማ ቅጥሩን ሞልቶ ቆሟል። ከመካከላችን የጠፋው አስጻፊው ነው።

የእጅ ጥበብን ነገር ከሥሩ ለመማር ወደ ኦሪት ዘጸአት እንሂድ። እግዚአብሔር የድንኳኑን ሥራ ለሙሴ ካሳየው በኋላ የኡሪን ልጅ ባስልኤልን በስሙ ጠራው፣ መንፈሱንም ሞላበት። ለምን ሥራ? ለትንቢት አይደለም፤ ለንግሥናም አይደለም። ወርቅና ናስ እንዲሠራ፣ ዕንቊ እንዲቀርጽ፣ እንጨት እንዲጠርብ ነው። አጋዥ አድርጎ ኤልያብን ከዳን ነገድ ሰጠው፤ ለሌሎች ማስተማርንም በልባቸው አኖረ። እኛ ግን በዚህች አገር ባለ እጁን ምን ስንለው ኖርን? ብረት የሚሠራውን ቀጥቃጭ፣ ሸክላ የምትሠራውን ቡዳ፣ ቆዳ የሚያለፋውን ፋቂ እያልን ስድብ አደረግነው። ወንጌሉ የተጻፈበት ብራና ደግሞ ያለ መፋቅ አይገኝም። መጽሐፉን ተሳልመን ፋቂውን መስደብ ንስሐ የሚገባው ነገር ነው።

የዘጸአት ታሪክ በባስልኤል አያበቃም፤ ብዙ ጊዜ ዘለን የምናልፈው ክፍል ከዚያ ቀጥሎ ያለው ነው። ሕዝቡ በየማለዳው ስጦታ ያመጣ ነበር፤ ወርቁን፣ የተፈተለውን ክር፣ የአውራ በግ ቆዳውን። ከዚያ ሠራተኞቹ ሥራቸውን ትተው ወደ ሙሴ መጡና የመጣው ከሚበቃው በላይ ሆነ አሉት። ሙሴም ማንም ከእንግዲህ እንዳያመጣ በሰፈሩ ሁሉ አሳወጀ። እኔ በበኩሌ በኖርኩባቸው አጥቢያዎች “በቃ፣ አታምጡ” ተብሎ ሲታወጅ ሰምቼ አላውቅም! ነገሩን ልብ በሉ፤ መንፈስ ቅዱስ ጥበቡን ለባስልኤል ሰጠ፣ ቆዳውንና ወርቁን ግን ከሰማይ አላወረደለትም። ያን ከሕዝቡ እጅ ጠበቀ። ጥበብ ከእግዚአብሔር ነው፤ የጥበብ ወጪ ግን የማኅበሩ ነው።

በሐዲስ ኪዳንም ይኸው ነው። የሮሜን መልእክት የጳውሎስ ብለን እንጠራዋለን፣ ትክክልም ነው። የመጨረሻውን ምዕራፍ ስታነቡት ግን ጤርጥዮስ የሚባል ሰው በድንገት ብቅ ይላል፤ መልእክቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ ብሎ በገዛ ስሙ ሰላምታ ያቀርባል። ሐዋርያው ይናገር ነበር፣ ጤርጥዮስ ይጽፍ ነበር። በዚያው ምዕራፍ ጳውሎስንና ቤተ ክርስቲያኑን በቤቱ ያስተናገደው ጋይዮስ አለ። ለብዙዎች፣ ለራሱ ለሐዋርያውም ደጋፊ የነበረችው ፌቤንም አለች፤ መልእክቱን ወደ ሮሜ ይዛ የሄደችው እርስዋ እንደሆነች መምህራን ይናገራሉ። ስለ ጸጋ እንዲህ የጠለቀ መልእክት የጸሐፊውን፣ የአስተናጋጁንና የደጋፊዋን ስም ሳይረሳ ይፈጸማል። የእኛ ጸሐፍት በመጽሐፍ መጨረሻ ስም መጥራትን ከየት ተማሩት ብትሉ፣ እኔ ከዚህ እላለሁ።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ፤ ዋጋው የሚገባን ድካሙ ሲገባን ነውና። የፍየሉ ቆዳ ውኃ ውስጥ ይዘፈዘፋል። ሲለሰልስ በእንጨት መወጠሪያ ላይ ዙሪያውን በገመድ ተስቦ እንደ ከበሮ ይወጠራል። ሥጋውና ስቡ በስለት ይፋቃል፣ በሸካራ ድንጋይ ይታሻል፣ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፤ ከዚያ ተገልብጦ ጠጉሩ ይላጫል፣ እንደገና ይፋቃል። ትንሽ ስሕተት ቆዳውን ይቀደዋል፤ በጥንት መጻሕፍት ገጽ ላይ በጅማት የተሰፋ ቀዳዳ የምታዩት ለዚህ ነው። ከአንድ ፍየል የሚወጣው ቅጠል ጥቂት ነው። ዳዊት ለማስጻፍ ስንት ፍየል እንደሚያስፈልግ አስቡት። የእኛ ዳዊት 150 መዝሙር ብቻ አይደለም፤ የነቢያት ጸሎት፣ መሓልየ መሓልይ፣ ውዳሴ ማርያምና አንቀጸ ብርሃን ይከተሉታል።

ቅጠሉ በልኩ ተቆርጦ ይታጠፋል፤ ጠርዙ በወስፌ ይወጋል፣ ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ በደነዘዘ ብረት ቀለም የሌለው መስመር ይሰመራል። ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸት፣ ከታረረ እህልና ከቅጠል ተወቅጦ ብዙ ጊዜ ይቆያል፤ ችኩል ሰው ቀለም አይሠራም ይባላል። ብርዑ ከመቃ ይቀረጻል። ጸሐፊው ብራናውን ጉልበቱ ላይ ያደርጋል፣ ሁለት ቀንዶች አጠገቡ ይተክላል፣ አንዱ ለጥቁር ሌላው ለቀይ። ለእመቤታችንና ለቅዱሳን ስም ቀዩን ያነሣል። ሁሉ ሲያልቅ ጥራዙ ከእንጨት ገበታ ጋር ይሰፋል፣ ባሕር አረብ ይለብሳል፣ በጋለ ብረት ይደጎሳል፣ ማኅደር ይሰፋለታል። አንድ ሰው ሁሉን ቢሠራው ወራት ይፈጃል። በዚህ ሁሉ ወራት ጸሐፊው ይበላል፣ ልጆቹም ይበላሉ። ጌታችን ደቀ መዛሙርቱን ሲልክ ሠራተኛ ደመወዙ እንደሚገባው ነግሯቸዋል፤ ጳውሎስም ስለሚያበራየው በሬ የተጻፈውን ሕግ የጠቀሰው ለዚሁ ነው። “ለእግዚአብሔር ብለህ ጻፍልን” ብሎ ያለ ክፍያ ማሠራት ጽድቅ የሚመስለው ሰው ካለ እነዚህን ሁለት ቦታዎች ዳግም ያንብብ።

“ማተሚያ እያለ ለምን?” የሚል ጥያቄ ሳይነሣ አይቀርም። ማተሚያን ቤተ ክርስቲያን አልጠላችውም። የግእዝ ዳዊት እ.ኤ.አ. በ1513 በሮም ታትሟል፤ አባ ተስፋ ጽዮን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1548 እና በ1549 ሐዲስ ኪዳንን በግእዝ እዚያው ሮም አሳተመ። ልጆቻችን በእጃቸው የያዙት ሁሉ የማተሚያ ፍሬ ነው፣ ይብዛልን። ነገር ግን በትንቢተ ኤርምያስ የሆነውን አስታውሱ። ባሮክ ከነቢዩ አፍ እየሰማ የጻፈውን ክርታስ ንጉሥ ኢዮአቄም በክረምት ቤቱ ተቀምጦ ሲነበብለት፣ ሦስት አራት ዓምድ በተነበበ ቁጥር በካራ እየቀደደ ወደ እሳቱ ጣለው። ኤርምያስ ምን አደረገ? ሌላ ክርታስ ወስዶ ለባሮክ ሰጠው፤ የፊተኛው ቃል ሁሉ እንደገና ተጻፈ፣ ሌላም ብዙ ተጨመረበት። ክርታሱ ተቃጠለ፣ መጻፍ የሚችል እጅ ግን አልጠፋም። በአገራችንም በ16ኛው መቶ ዘመን ጦርነት ብዙ መጻሕፍት ነደዱ፤ በኋላ የተተኩት ብርዕ የሚይዝ እጅ ስለተረፈ ነው። እጁ ራሱ ከጠፋ ግን በመዝገብ ቤት ያለ የመጽሐፍ ፎቶግራፍ ሊተካው አይችልም።

የአስጻፊን ኃይል ለማየት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብን ማንሣት ይበቃል። ከ1434 እስከ 1468 እ.ኤ.አ. በነገሡበት ዘመን የእመቤታችን ሥዕል በቤተ ክርስቲያን እንዲከበር፣ ተአምሯ እንዲነበብ አዘዙ። ትእዛዙ ሥራን ወለደ፤ ሠዓሊው ፍሬ ጽዮን በዚያ ዘመን ተነሣ፣ ሥራውም በጣና ዳጋ እስጢፋኖስ ደሴት ይገኛል። የሩቁን ምሳሌ ደግሞ ከአሜሪካ ልጥቀስ። በሚኒሶታ ኮሌጅቪል ያለው የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም የእኛን ጉዳይ ያውቃል፤ ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኢትዮጵያ በማይክሮፊልም የተነሡ በሺህ የሚቆጠሩ የብራና መጻሕፍት ቅጂዎች እዚያ አሉ፤ ሊቁ ጌታቸው ኃይሌ ዕድሜያቸውን የሰጡት ለእነርሱ ዝርዝር ነው። ያው ገዳም ከራሱ ዩኒቨርሲቲ ጋር መጽሐፍ ቅዱስ በሙሉ በጥጃ ብራና ላይ በእጅ እንዲጻፍ እ.ኤ.አ. በ1998 አዘዘ። ዶናልድ ጃክሰን የመራቸው ጸሐፍትና ሠዓልያን በ2011 ሰባቱን ጥራዝ ጨረሱ። አሥራ ሦስት ዓመት! መነኮሳቱ አስጻፊ ሆነው ስለቆሙ ባለሙያዎች ይህን ያህል ጊዜ ሥራ አገኙ። የእኛን ብራና ቅጂ በመደርደሪያው ያኖረ ቤት ይህን ሲያደርግ፣ እኛ የብራናው ልጆች ምን አስጻፍን? ልብ ይነካል።

ልጄ፣ ለጥያቄሽ መልሱ እንግዲህ ይህ ነው። በሩ ያለው ከአስጻፊው ዘንድ ነው፤ አስጻፊውም ሩቅ አይደለም። ሙሉ ወንጌል የማያስጽፍ አጥቢያ ውዳሴ ማርያምን ያስጽፋል። በዋሽንግተን፣ በፍራንክፈርት፣ በዱባይ ያሉ ምእመናን ለልጃቸው ክርስትና በእጅ የተጻፈ አንድ መልክዕ ማስጻፍ ይችላሉ። ፊደልን የሥዕሉ ዋና ነገር ያደረገ ሠዓሊ በዓለም አዳራሾች እንዳላፈረ ለማወቅ ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍን ማየት ይበቃል፤ ከእርሱም በፊት እስክንድር ቦጎስያን በቆዳ ላይ ሥሏል። የድሮውን ክታብ መልክ፣ በባለቤቱ ቁመት ልክ የሚለካውን ረጅም ጥቅልል፣ ዛሬም ሠዓልያን ይወዱታል። ቅርጹን ውሰጂ፤ ትርጉማቸው የማይታወቀውን አስማት ግን ተዪ። ይህን እንደ መምህርሽ እልሻለሁ።

አንድ ወጥመድ አለ፣ እርሱንም ልናገር። ገንዘብ ፈልጎ አሮጌ መጽሐፍ ፈትቶ ቅጠል ቅጠሉን ለቱሪስት የሚሸጥ፣ በባዶው የድሮ ብራና ላይ አዲስ ሥዕል ሥሎ “ጥንታዊ” ብሎ የሚያቀርብ ሰው አለ። ይህ ስርቆትም ሐሰትም ነው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ጥንታዊ ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል። አንቺ ግን በአዲስ ብራና ላይ ጻፊ፤ በመጨረሻው ገጽ ስምሽን፣ ዓመተ ምሕረቱን፣ ያስጻፈሽን ሰው ስም አስቀምጪ። ሐቀኛ ሥራ ዛሬ እንደተሠራ ለመናገር አያፍርም።

እናንተ የሰበካ ጉባኤ አባላት፣ የማኅበር ሙሴዎች፣ በውጭ አገር ያላችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ለምንጣፍና ለድምፅ ማጉያ ባወጣችሁት ልክ ባይሆን እንኳ ከፊሉን ለዚህ መድቡ። ከመጪው ክብረ በዓል በፊት አንድ ቁም ጸሐፊ ፈልጉ፤ ምን እንደሚያስጽፍ አጥቢያችሁ ይምረጥ። ዋጋውን ጠይቁት፤ ቀብዱን ዛሬውኑ ስጡት፤ አትከራከሩት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።