ዐቃቤ ሕጉንና ስማቸው ያልተጠራውን ማሰብ

በዛሬው ጥናታችን የምንመለከተው ሕግ ለማስከበር በተሰጠው ሥራ ላይ ሳለ የተገደለ ሰው እንዴት ይታሰባል የሚለውን ነው። ለዚህም ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ አንሄድም፤ ከክልላችን ርእሰ ከተማ ከባሕር ዳር እንነሣለን።

ሰኔ 15 ቀን 2011 ዓ.ም. ቅዳሜ ነበር። የአማራ ክልል ከፍተኛ ኃላፊዎች በርእሰ መስተዳድሩ ጽሕፈት ቤት ተሰብስበው ሳሉ ታጣቂዎች ገብተው ተኩስ ከፈቱባቸው። ርእሰ መስተዳድሩ ዶክተር አምባቸው መኰንንና አማካሪያቸው አቶ እዘዝ ዋሴ ሞቱ። የክልሉ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ አቶ ምግባሩ ከበደ ግን ክፉኛ ቆስለው ሆስፒታል ገቡ። በዚያው ማታ አዲስ አበባ ላይ ኤታ ማዦር ሹሙ ጄኔራል ሰዓረ መኰንንና ጡረታ የወጡት ሜጀር ጄኔራል ገዛኢ አበራ ተገደሉ።

ሰኞ ሰኔ 17 ቀን ብሔራዊ የኀዘን ቀን ተብሎ ሰንደቅ ዓላማ ዝቅ ብሎ ዋለ። አቶ ምግባሩ ያረፉት በዚሁ ዕለት ነው። መንግሥት የጥቃቱ መሪ ናቸው ያላቸው የክልሉ የሰላምና ደኅንነት ቢሮ ኃላፊ ብርጋዴር ጄኔራል አሳምነው ጽጌም በዚያው ሰኞ ባሕር ዳር አቅራቢያ ተገደሉ። ሦስቱ ባለሥልጣናት ረቡዕ ሰኔ 19 ቀን ባሕር ዳር ላይ ተቀበሩ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ስለ አንድ ቃል እንነጋገር። «ዐቃቤ ሕግ» የግእዝ ስም ነው፤ ዐቀበ ማለት ጠበቀ ማለት ነውና ዐቃቤ ሕግ ሕግ ጠባቂ ነው። ዐቃቤ መጻሕፍት የምንለውም ከዚሁ የመጣ ነው። ሥራው ምንድን ነው ቢባል፣ ፖሊስ አጣርቶ ያቀረበውን መዝገብ ያነባል፤ ማስረጃው በቂ ከሆነ ክስ ይመሠርታል፣ ካልሆነም መዝገቡን ይዘጋል፤ በችሎትም ቆሞ ይከራከራል። በአጭሩ ማንም ሰው በወሬ ወይም በጥላቻ እንዳይቀጣ፣ ጥፋተኛም በዘመድ ብዛት እንዳያመልጥ የተቀመጠ ሰው ነው። አቶ ምግባሩን የገደለው ጥይት ግን መዝገብ አልጠየቀም፤ ምስክርም አልሰማም። የጥቃቱ መሪ የተባሉትም ቢሆኑ ከዳኛ ፊት ሳይቆሙ ሞቱ፤ ተከሰው ቢሆን ኖሮ ሊጠየቁ ይገባ የነበረው ሁሉ ሳይጠየቅ ቀረ። እኔ በበኩሌ ያን ሰኞ ሳስብ ከሁሉ ይልቅ የሚከብደኝ ይህ ነው።

ደግሞም የረሳናቸው አሉ። የዚያ ማታ ጥቃት የክልሉን ፖሊስ ኮሚሽን ጭምር ያገኘ ነበር። በየበሩ ቆመው ይጠብቁ ከነበሩት መካከል የሞቱ አሉ። ከእኛ መካከል ከእነዚያ የአንዱን ስም የሚያውቅ ማን ነው? የባለሥልጣኑ ፎቶግራፍ በየግድግዳው ተሰቀለ፤ በር ላይ የወደቀውን ኮንስታብል የሚያውቁት እናቱና የሰፈሩ ሰዎች ብቻ ናቸው።

በአሜሪካ ዋሽንግተን ከተማ በሥራ ላይ ለሞቱ ሕግ አስከባሪዎች በ1991 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተመረቀ መታሰቢያ አለ። ከ20,000 በላይ ስሞች በድንጋይ ግድግዳ ላይ ተቀርጸዋል፤ በየዓመቱም በግንቦት ወር አዲስ የተጨመሩት ስሞች በሻማ ብርሃን ይነበባሉ። ድንጋዩ አለቃውንም ተራውንም እኩል ይዟል። እኛ እንዲህ ያለ ግንብ ባይኖረን እንኳ ስም ለመጥራት ድንጋይ የግድ አያስፈልግም። አርባ፣ ሰማንያ፣ ሙት ዓመት እያልን የምንቆጥር ሕዝብ ነን።

ችግሩ ግን በእኛ አገር፣ በከሚሴና በአካባቢዋ፣ ስም መጥራት ራሱ ቀላል አለመሆኑ ነው። በ2011 መጋቢት መጨረሻ በከሚሴ፣ በአጣዬ፣ በማጀቴና በካራ ቆሬ የደረሰውን ታስታውሳላችሁ። በ2013ም መጋቢትና ሚያዝያ ተደገመ፤ አጣዬ ተቃጠለች። ከዚያ ወዲህ ልቅሶ ቤት ተቀምጠን የምንሰማው ጥያቄ «ማን ሞተ?» የሚል ብቻ አይደለም፤ «ከማን ወገን ነው?» የሚልም ይከተለዋል። የሞተው ፖሊስ ከሆነማ ጥያቄው ይብሳል። አንዱ ወገን የራሱን ያለቅሳል፣ ሌላው ዝም ይላል። ፖሊሱ ግን ደንብ ልብሱን ሲለብስ የኦሮሞውንም የአማራውንም፣ የእስላሙንም የክርስቲያኑንም በር ሊጠብቅ ነው የወጣው። በእርግጥ ሁሉም እንዲህ አድርጓል ማለቴ አይደለም። ዩኒፎርም ለብሶ ወገን የለየም አለ፤ ይህን መካድ ለሟቾቹም ክብር አይሆንም። እውነቱን ሥራውን ሲሠራ የሞተውን ከዚህኛው ለይተን ማሰብ የምንችለው ምን ያደርግ እንደነበር ስንጠይቅ ነው፤ የየትኛው ቤት ልጅ እንደሆነ በመጠየቅ አይገኝም።

የወሎ ቅሬ ለዚህ ይረዳናል ብዬ አስባለሁ። ቅሬ ቀብር ሲጠራ ወንዱ ዶማና አካፋ ይዞ ይወጣል፤ የሟቹን ማዕርግ ቀድሞ የሚጠይቅ የለም። አባቶቻችን እስላምና ክርስቲያን ሆነው እርስ በርሳቸው ሲቀባበሩ ኖረዋል። በአንዱ ቤት ተዝካር፣ በሌላው ሰደቃ ቢባልም ጎረቤት ከሁለቱም አይቀርም ነበር።

ለሚቀጥለው እሑድ ሁለት ነገር ይዛችሁ ኑ። አንደኛ፣ በሰፈራችሁ ወይም በቤተሰባችሁ ዘንድ በጥበቃ ሥራ ላይ ሳለ የሞተ ፖሊስ፣ ሚሊሻ ወይም ዘበኛ እንዳለ ታላላቆቻችሁን ጠይቁ፤ ስሙንና በዚያች ቀን ይሠራው የነበረውን ሥራ ብቻ ጻፉ፣ ብሔሩን አትጻፉ። ሁለተኛ፣ ከሌላው እምነት ጎረቤታችሁ ዘንድ ሄዳችሁ ያንኑ ጠይቁ። የመጡትን ስሞች አንድ ላይ አድርገን በፊደል ተራ እናነባቸዋለን።