ፖስታውን አስቀድሚ

ቆይ፣ ያንን ብልጭልጭ ክደኚና ወደዚያ አድርጊው። ጠረጴዛው ላይ ያልደረደርሽው የለም፤ ሪባኑ፣ ቁልፉ፣ የወርቅ ክሩ፣ የበረዶ ሰው ማኅተሙ። የታጠፈ የገና ካርድ ግን አንድም አላይም። ከዕቃው የጀመረ ሰው የገዛውን ሁሉ ካልለጠፈ አይረካም። ካርዱ ይወፍርና ፖስታ አልገባም ይላል፤ እንደምንም ቢገባም ሲከፈት ተቀባዩ ጭን ላይ ይራገፋል።

እስኪ እስክሪብቶ አምጪና ለማን ለማን እንደምትልኪ ጻፊ። እማዬ፣ ጎንደር ያለችው አክስታችን፣ የሥራ ባልደረቦችሽ፣ ፎቅ ላይ ያሉት ጎረቤቶችሽ። ለሥራ ባልደረባሽ የበረዶ ሰው ያምራል። አክስታችን ግን በረዶ የምታውቀው ክረምት ላይ ቆርቆሮ ሲደበድብ ነው፤ ኮፍያ አድርጎ የሚስቅ በረዶ ብትልኪላት ምን ትበል? ለእሷ ጧፍ ወይም መስቀል ይበቃል።

ቀጥሎ ፖስታ። እዚህ አሜሪካ በየሱቁ የምታገኚው ኤ2 የሚባለው ነው። ለእሱ የሚሆን ካርድ ከአንድ ሌተር ወረቀት ሁለት ይወጣል። 11 ኢንቹን ጎን 5 ተኩል ላይ ቁረጪ፣ ከዚያ 8 ተኩሉን መሃል ለመሃል እጠፊ፤ 4 ከሩብ በ5 ተኩል ይሆንልሻል። በሌላ በኩል ብትቆርጪም ልኩ ያው ነው፤ ግን እጥፋቱ ሊሰነጣጠቅ ይችላል። የወረቀቱ ጭረት አብዛኛውን ጊዜ በረጅሙ ጎን ነው የሚሄደው፤ በጭረቱ ሲታጠፍ ይታዘዛል፣ ጭረቱን አቋርጠሽ ስታጥፊው ያምፃል። ወረቀቱ ከቨር የሚል ይኑርበት፣ 80 ፓውንድ ወይም ከዚያ በላይ ይሁን። 65ቱ ርካሽ ነው፣ ግን ጠረጴዛ ላይ ሲያቆሙት ይልፈሰፈሳል። ከማጠፍሽ በፊት ማስመሪያ አጋድመሽ ቀለሙ ባለቀ እስክሪብቶ መስመሩን ጫን አድርገሽ አስምሪ። እና አራቱም ጎኑ እኩል የሆነውን ፖስታ አትግዢ። ያምራል፣ አውቃለሁ፤ ፖስታ ቤቱ ግን በማሽን አያልፍም ብሎ ተጨማሪ ያስከፍልሻል።

አሁን ማኅተሙን ያዢ። እንዲህ አይደለም! ማኅተሙን ቀለሙ ላይ አትደፍጥጪው። ማኅተሙን ፊቱን ወደ ላይ አስተኚና የቀለም ፓዱን በላዩ ላይ ጠብ ጠብ አድርጊ። ያኔ የት እንደነካና የት እንደቀረ ይታይሻል። ከፍ አድርገሽ ወደ ብርሃኑ አዘንብይው፤ ያላብረቀረቀው ቦታ ቀለም አልደረሰውም። ጠርዙ ላይ የተረፈውን በጨርቅ ጥረጊ፣ ካልሆነ ወረቀቱ ላይ ክፈፍ ይሠራልሻል። ከወረቀቱ ሥር ጋዜጣ ወይም የኮምፒውተር ማውዝ የሚንሸራተትበትን ምንጣፍ አድርጊ። ከዚያ ቀጥ አድርገሽ አሳርፊው፣ በመዳፍሽ ጫን በይ፣ ወዲያ ወዲህ ሳታወዛውዢ ቀጥ አድርገሽ አንሺ። ማወዛወዝ ነው ሁሉንም ካርድ የሚያበላሸው። ግልጹ የፖሊመር ማኅተም አዲስ ሲሆን ቀለም አይቀበልም፤ ፊቱን በላጲስ ቀስ አድርገሽ እሺው፣ ይቀበላል።

ቀለሙስ? የቢሮውን ሐምራዊ ፓድ ከዚህ አርቂልኝ። ማኅተሙንም ክብ አታድርጊው። ክብና ሐምራዊ ከሆነ የገና ካርድሽ የቀበሌ መታወቂያ ሆኖ ቁጭ ይላል። ቶሎ የሚደርቀው ዳይ የሚባለው ቀለም ለተራ ሥራ ይበቃል። ካተምሽ በኋላ በውኃ ቀለም ልትቀቢ ከሆነ ግን ውኃ የማይፈታው መሆኑን ማሸጊያው ላይ አንብቢ፣ አለበለዚያ ጥቁሩ መስመር ከቀዩ ጋር ተዋህዶ ጭቃ ይሆናል።

በአማርኛ የተጻፈ ማኅተም እዚህ ሱቅ ገብተሽ አታገኚም፤ ስለዚህ ራስሽ ትቀርጪያለሽ። አትፍሪ፣ አንድ ነጭ ላጲስና ስለታም ካተር ይበቃሻል። ፊደሉን ላጲሱ ላይ በቀጥታ ከጻፍሽው ሲታተም ተገልብጦ ይወጣል። ስለዚህ በስሱ ወረቀት ላይ፣ የኬክ መጋገሪያውም ይሆናል፣ ለስላሳ እርሳስ ይዘሽ አድምቀሽ ጻፊ፤ ወረቀቱን ገልብጠሽ ላጲሱ ላይ አስተኚና ጀርባውን በጥፍርሽ እሺው። እርሳሱ ወደ ላጲሱ ይተላለፋል፣ ራሱ ተገልብጦ፤ ስታትሚው ደግሞ ይቃናል። ስትቀርጪ ቢላዋው ከፊደሉ ወደ ውጭ ያዘነበለ ይሁን። ወደ ውስጥ ከገባ ፊደሉ ሥር የለውም፣ ጫን ስትይው ይጎነበሳል። ላጲሱን የያዝሽበትን እጅ ሁልጊዜ ከስለቱ ኋላ አድርጊ።

ምን ልጻፍ ካልሽኝ፣ ረጅሙን ተይው። «መልካም ገና» ብትይ «መ» ሁለት ዓይን አለው፣ «ም»ም የራሱ ዓይን አለው። ዓይን ያለው ፊደል በትንሹ ሲቀረጽ ቀለም ይደፍነዋል። «ገና» ብቻ በቂ ነው። ሁለት ፊደል፣ የሚደፈን ዓይን የለው፣ አንድ ሴንቲ ሜትር ከፍታ ይበቃዋል። ጧፉ ደግሞ ከዚያም ይቀላል፤ አንድ ቀጭን ዘንግና አንድ የውኃ ጠብታ። ሦስት ጧፍ ጎን ለጎን፣ ነበልባሉ ብቻ ወርቃማ፣ ሌላው ወረቀት ባዶ። ባዶውን ቦታ አትሙዪው! እጅሽ ይበላሻል፣ አየሁሽ።

ወርቃማውን በብልጭልጭ ሳይሆን በሚቀልጠው ዱቄት ሥሪው። ነበልባሉን በሚያጣብቀው ግልጽ ቀለም አትሚ፣ ዱቄቱን አፍስሺበት፣ የተረፈውን ወደ ዕቃው መልሺ፣ ከዚያ በሙቀት ሽጉጡ ከሥር በኩል አሙቂው። ዱቄቱ ደብዛዛ ሆኖ ቆይቶ ድንገት ያብረቀርቃል፤ እንዳብረቀረቀ ወዲያው አንሺው። ፀጉር ማድረቂያሽን እንዳታመጪ፣ ሳያቀልጠው በትኖ ይጨርሰዋል።

እንደውም ነገር ካነሳን፣ የታተመ የገና ካርድ የመጣው ደብዳቤ ለመጻፍ ጊዜ ካጣ ሰው ነው። ሄንሪ ኮል የሚባል የለንደን ሹም በ1843 እ.ኤ.አ. ለወዳጆቹ ሁሉ መጻፍ ቢያቅተው ጆን ካልኮት ሆርስሊ የሚባለውን ሠዓሊ ሥዕል አሠራው። አንድ ሺህ ያህል ታተመ፣ ቀለሙ በእጅ ተቀባ፣ የተረፈው አንዱ በአንድ ሽልንግ ተሸጠ። ሥዕሉ ላይ አንድ ቤተሰብ ከነልጁ ወይን ሲጠጣ ስለሚታይ የመጠጥ ተቃዋሚዎች ተቆጥተው ነበር። እኔን የሚገርመኝ ግን የመጣው ከችኮላ መሆኑ ነው። እኛ አገር ልጆች በእንቁጣጣሽ አበባና መልአክ ሥለው በየደጁ የሚያዞሩት ወረቀት ከዚህ የተሻለ ክብር አለው እላለሁ፤ ልጁ ራሱ አንኳኩቶ በእጁ ይሰጣል። አንቺ ማንኳኳት አትችዪም፣ ስለዚህ ቢያንስ ውስጡን በእጅሽ ጻፊ። «እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ» ካልሽ በኋላ አታቁሚ፤ ለአክስታችን ስለ ጉልበቷ ጠይቂያት፣ ለእማዬ ያቺን የላከችውን በርበሬ ምን እንደሠራሽበት ንገሪያት። ከመለጠፍሽና ከማስጌጥሽ በፊት ጽሑፉን ጻፊው፤ ብታበላሺ የምትጥይው ተራ ወረቀት ይሆናል።

ቀኑ ለአንቺ ይመቻል። የፈረንጆቹ ዲሴምበር 25 ነው፣ የኛ ጃንዋሪ 7። የባልደረቦችሽን ቀድመሽ ጨርሺ። የቤተሰብሽን ወረቀትና ሪባን ከ25 በኋላ ግዢ፤ ሱቆቹ የገናውን ዕቃ ዋጋ ሰብረው ነው የሚያወጡት። ካርዱ ላይ ቀን የምትጽፊ ከሆነ ደግሞ ታኅሣሥ 29 ብለሽ በልማድ አታስፍሪ፤ ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነች በኋላ በሚገባው ዓመት ገና ታኅሣሥ 28 ይውላል፣ በ2016 ዓ.ም. እንደሆነው።

ወደ አገር ቤት የሚሄደውን ግን በፖስታ ከላክሽ የሳጥን ቁጥር ያስፈልግሻል፣ ተራ ደብዳቤ አብዛኛውን ጊዜ በር ድረስ አይመጣም። እማዬ ሳጥን የላትም። ስለዚህ በሰው እጅ ነው። ከዲሴምበር መጀመሪያ ጀምሮ ማን እንደሚሄድ ጠያይቂ፤ የመንገደኛ ሻንጣ ቶሎ ይሞላል፣ ካርድ ግን ቦታ አይወስድም፣ ጠፍጣፋ ከሆነ እሺ ይሉሻል። ካርዶቹን በሁለት ካርቶን መሃል አድርገሽ በላስቲክ እሰሪ፣ ላዩ ላይ የተቀባዩን ስልክ በትልቁ ጻፊ። አሁን መቀሱን አቀብዪኝ፣ አንቺ ስትቆርጪ እኔ አጥፋለሁ።